ከአብሽር በፊት የሚነገር

ወሎ ውስጥ ሐኪም የሆነ ሰው የሚሳሳተው በክፋት አይደለም፤ በደግነት ነው። የእኛ ሰው ሆዱን ይዞ እየተንፈራገጠ ገብቶ እንኳ መጀመሪያ የሐኪሙን ደኅንነት ይጠይቃል። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ የአገሩን ዝናብ ጠይቆ ሲያበቃ ነው "እንግዲህ እኔ ትንሽ አሞኛል" የሚለው። ትንሽ ያለው አንጀቱ ተጠላልፎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙም የዚሁ አገር ልጅ ከሆነ ደግነቱን በደግነት ይመልስና "አብሽር" ይለዋል። አይዞህን፣ ያልፋልን፣ ደስ ይበልህን በአንድ ላይ የያዘ ቃል ነው። ለታመመ ይባላል፣ ለተከሰሰ ይባላል፣ ፈተና ለወደቀ ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይለዋል። እኔም እየሰማሁት ያደግኩት ቃል ነው፣ እወደዋለሁም። እኔ በምመራው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን ቦታው የታወቀ ነው፤ የሚመጣው ከሁሉም ነገር በኋላ ነው።

ሥራዬ ቀዶ ሕክምና ማስተማር ነው። ደሴ ላይ ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞችን አሠለጥናለሁ። ለዓመታት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል እየወረድኩ፣ ከአምባሰል ተራሮችና ከሐይቁ ዙሪያ የሚመጡ ሴቶችን የእንቅርት ኦፕራሲዮን ሳደርግ ቆይቻለሁ። እንቅርት በእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሴቶቹ አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ይዘውት ይኖራሉ፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወይም እንጀራ አልወርድ ሲላቸው ያን ጊዜ ይመጣሉ።

ባለፈው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ተደረግኩ። ኃላፊነት በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ነው፤ ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የሐይቁን ቀን መተው ነበረብኝ። የሚረከበኝ ሰው ካላገኘሁ ሥራው ይዘጋል፣ ሴቶቹም እንደ ድሮው ደሴ ድረስ ወጥተው ወረፋ ይጠብቃሉ።

የሚረከብ ሰው ነበረኝ ማለት እችላለሁ፣ ነበረኝ ለማለት ደግሞ አልችልም። የውጫሌ ልጅ ናት። እኛው ጋ ተምራ፣ ጨርሳ፣ ሐይቅ ላይ የተመደበች ወጣት ቀዶ ሐኪም። እጇን ያየ ሰው ስለ እጇ አይከራከርም። ሲበዛ ጥንቁቅ ናት፤ የማይደማ ነገር ላይ እንኳ ደም እንዳለ አድርጋ ነው የምትሄደው። ቁርጠት ይዞት የመጣውን፣ ትርፍ አንጀቱን፣ ቡአውን ብቻዋን ትሠራለች። እንቅርት ላይ ግን እኔ እመራለሁ፣ እሷ ትረዳኛለች። መሪነቱን ያልለቀቅኩላት በእጇ ምክንያት አልነበረም፤ በአፏ ምክንያት ነበር።

ይህን ስነግራቸው ደሴ ያሉ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። "ለቢላ ያዥ አፍ ምን ያደርግላታል? አንቺ ራስሽ ከሰው ጋር አታወሪ" አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፣ አላወራም። መጽሐፍ ይዤ ጥግ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ግን ዝም ማለትና አለመንገር አንድ አይደሉም።

መንገር የተማርኩት ከአባቴ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ የክፍል ጓደኞቼ ደረቴ ድረስ በሚደርሱበት ዕድሜ፣ ጡት ያወጣሁ ልጃገረድ ሆኜ አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። አባቴ ገበሬ ነው፣ ፊደል አልቆጠረም፤ ለምን ገባሽም አላለኝም፣ ግቢም አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ደነገገ። "የተማርሽውን ማታ ትነግሪኛለሽ። ከገባኝ ነገም ትሄጃለሽ። ካልገባኝ ያንቺም ጭንቅላት ውስጥ አልገባም ማለት ነው፣ ከብት ትጠብቂያለሽ።" ቀልዱን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ነግሬው አልገባው አለ፤ በማግስቱ ከብት ጠበቅኩ። በሳምንቱ እንደገና፣ በድስት ክዳን ላይ የሚጠራቀመውን እንፋሎት እያሳየሁ ነገርኩት። "ይኸዋ! እንዲህ አትይም ነበር?" አለና አሰናበተኝ። ከዚያ ወዲህ መምህር ሲያስተምር የምሰማው በሁለት ጆሮ ነው፤ በአንዱ ለራሴ፣ በሌላው ለአባቴ።

ሁለተኛው ያስተማሩኝ ቀዶ ሕክምና ያስያዙኝ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸውም ብዙ አይናገሩም። ጀማሪ ሬዚደንት ሳለሁ አንድ የቆላ ገበሬ እግሩ ሞቶ መጣ። መቆረጥ ነበረበት። ከቡድኑ አንዱ "አብሽር አባባ፣ እግርዎን እናክመዋለን" ብሎት አስገባው። ገበሬው ሲነቃ ብርድ ልብሱን በእጁ ዳሰሰ፣ ደግሞም ዳሰሰ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለማንም አልተናገረም። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰሙ አልጮሁም። ሁላችንንም፣ መጋረጃ ይዤ የቆምኩትን እኔን ጨምሮ፣ ከአልጋው ዙሪያ አስቀመጡንና እያንዳንዳችን ምን እንደተደረገና ለምን እንደተደረገ በየተራ ለሰውየው እንድንነግረው አዘዙ። የመጨረሻው ሰው ሲናገር ገበሬው ዞሮ አየን። "መጀመሪያ ብትነግሩኝ እሰናበታት ነበር" አለ። እግሩን ማለቱ ነው።

እኔም ኃላፊ ስሆን ከእነዚህ ከሁለቱ አንድ ሕግ ሠራሁ። ኦፕራሲዮኑን የሚመራው ሰው ራሱ ተቀምጦ ለታማሚው ይነግራል፤ ምን እንደሚቆረጥ፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል። ታማሚው ደግሞ የሰማውን በገዛ ቃሉ ለራሱ ሰው መልሶ ይነግራል። መልሶ መናገር ካቃተው ነጋሪው አልነገረውም፤ ያልነገረ ደግሞ አይመራም።

ሕጉ የተፈተነባት ታማሚ የመጣችው ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር፣ ታላቅ ወንድሟን አስከትላ ነው። ጠና ያለች፣ ዓይነ ብርቱ ሴት ናት። በአገሯ የወዳጃ መሪ ናት፤ ሰው ለጸሎትና ለዱዓ ሲሰበሰብ መንዙማውን የምታወጣው እሷ ናት፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። በድምጿ ከሩቅ መንደር የሚያውቋት ብዙ ናቸው። ሻሿን ስትፈታው እንቅርቱ ከአገጯ በታች ሁለት ቡጢ ያህል ሆኖ ወጣ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማናችንም ሳንጠይቃት ጀመረች። "ይኼን አውጡልኝ፣ ድምፄን ተዉልኝ። አደባልቃችሁ እንዳትወስዱብኝ።"

ወጣቷ ሐኪም እጇን ያዘቻት። "አብሽሪ እናቴ፣ ምንም አትሆኚም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሴትየዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ሰማህ? ምንም አለች። ያቺ የአጎታችን ልጅም ምንም አትሆኚም ተብላ ነው የገባችው።"

"ድምጿ ጠፋ?" አልኩ እኔ።

"እሷማ ሞተች።"

"በወሊድ እኮ ነው የሞተች" አለ ወንድምየው፣ "ምን ያገናኘዋል? ደሞ እዚህ አይደለም።"

"ምንም መባሏን ነው የማወራ" አለችና ወደ እኔ አየች። "የምትቆርጭኝ አንቺ ነሽ አይደል? ስለ አንቺ ሰምቼ ነው የመጣሁ።"

"የምትነግርሽ ሰው ናት የምትሠራሽ" አልኳት።

"ይች ልጅ?"

"ከነገረችሽ።"

ሴትየዋ ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ልጅቷ ቀላች። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አሠርተንላት፣ በሳምንቱ እንድትመለስ ቀጥረን አሰናበትናት።

ምሳ ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ አስጠብሰን ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ልጅቷ ዓሣውን አልነካችም፤ እሾሁን ብቻ እያወጣች ትደረድራለች።

"ለማጽናናት ብዬ ነው ዶክተር" አለች።

"አጽናናሻት?"

"አይመስለኝም።"

"ምንም ማለት ምን ማለት ነው? በአልትራሳውንዱ ላይ አይተሽዋል፣ እጢው ወደ ላይ ምን ያህል እንደወጣ። የላይኛው ጫፍ ላይ ምን አለ?"

አንድ በአንድ ነገረችኝ። ደም ሥሮቹን፣ ከደም ሥሮቹ ጋር ተጣብቃ የምታልፈውን፣ ድምፅ ከፍ ሲል የምትሠራውን ቀጭን ነርቭ፣ ከታች ደግሞ ዋናውን የድምፅ ነርቭ። ከመጽሐፉ አንድ መስመር አልዘለለችም።

"ለእኔ ይህን ሁሉ ነገርሽኝ። ለእሷ ግን ምንም አልሻት። አንገቱ የማን ነው?"

የያዘችውን እሾህ አስቀመጠችና ያላወቅኩትን ነገር ነገረችኝ። አባቷ ሲታመም እሷ ተማሪ ነበረች። አንድ ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ እየሄደ፣ ወደ ኋላው እንኳ ሳይዞር፣ "አይተርፍም፣ ቤት ውሰዱት" አላቸው። እናቷ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። "ያን ቀን ማልኩ" አለችኝ፣ "ሐኪም ከሆንኩ ሰው አላስፈራም ብዬ።"

አብሽሪ ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። "ያን ሐኪም የጠላሽው ስለነገራችሁ ነው?" አልኳት። "ወይስ ነግሯችሁ ስለሄደ?"

ባጃጆች ሲያልፉ፣ የደሴ ሚኒባስ ረዳት "የሞላ፣ የሞላ!" እያለ ሲጣራ አየች።

"ስለሄደ" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲያው አንቺ ንገሪና ቁጭ በይ። የጎደለው እሱ ነው፣ መቀመጡ።"

"ፈርታ ብትቀርስ?"

"መፍራት መብቷ ነው።"

"ብትቀር እኮ ክረምቱ ይገባል፣ እርስዎም ይሄዳሉ፣ እኔም መሪ ሳልሆን…" አልጨረሰችውም።

"ሳትሆኚ ትቀሪያለሽ" አልኳት። መጨረስ የነበረበት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ዓሣውን ወደሷ ገፋሁላት።

በሳምንቱ ተመለሱ። እኔ መስኮቱ ጋ ወንበር ስቤ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም። ልጅቷ ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጀመረች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ቃላቱ ከመጽሐፍ የወጡ ነበሩ፤ ሴትየዋም ለእንግዳ እንደሚደረገው በትሕትና አንገቷን ትነቀንቃለች። የሚነቀንቅ ሰው አልገባውም። ልጅቷም ይህን አየች መሰለኝ፣ መሀል ላይ ተወችውና የሴትየዋን እጅ ወስዳ በገዛ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው።

"እዚህ ጋ ያዢኝ" አለችና በወፍራም ድምፅ "እም" አለች። "ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል።"

ከዚያ በቀጭኑ፣ ወደ ላይ ወጣች። "አሁንስ?"

"ወደ ላይ ሳብ አለ። ጠበቅ አለ።"

"ይኸውልሽ። ወፍራሙን የሚሠራ አንድ ነርቭ አለ፤ ከእንቅርትሽ ጀርባ ነው የሚያልፍ። እሱ ከተነካ ድምፅሽ ይሻክራል፣ ውኃም ያንቅሽ ይሆናል። ያችኛዋ፣ ወደ ላይ የምትስበው፣ ክር ናት። በእንቅርትሽ አናት ላይ ከደም ሥሩ ጋር ተጠላልፋ ነው የምታልፍ። አንዳንዴ ትታያለች፣ አንዳንዴ አትታይም። እሷ ከተነካች ታወሪያለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ ከሰው ትጣያለሽ፤ መንዙማ ስታወጪ ግን ላይኛው አይወጣልሽም። ይኼ ሊሆን ይችላል። እንዳይሆን እሠራለሁ እንጂ አይሆንም ብዬ አልምልልሽም።"

ሴትየዋ እጇን ከልጅቷ ጉሮሮ ላይ አላነሳችም።

"አብሽሪ እህቴ" አለ ወንድምየው።

"አንተ ደሞ ዝም በል፣ ልጅቷ እየነገረችኝ ነው።" ከዚያ ወደ ልጅቷ፦ "ባንቺ እጅ ስንቱ ድምፁ ቀረ?"

"መርቼ አላውቅም። ስረዳ ነው የኖርኩት። የመጀመሪያዬ አንቺ ነሽ።"

ይህን እንድትል አላዘዝኳትም ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሴትየዋ ዞራ አየችኝ።

"እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው። ስትሠራ ከፊት ለፊቷ እቆማለሁ።"

"አንቺ ጋስ የቀረበት የለም?"

"አለ። ያልተመለሰላቸው ጥቂቶች አሉ።"

ሴትየዋ እጇን አነሳች፣ ሻሿን ቀስ ብላ ጠመጠመች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። "እስቲ ላስብበት" አለች። ወንድሟ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይን እያሳየን ተከተላት። ከመስኮቱ ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ አየናቸው፤ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ።

"አባረርኳት" አለች ልጅቷ።

"አይደለም። አሳሰብሻት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመራ ሐኪም ሆነሽ ያየሁሽ ዛሬ ነው፤ ያልሠራሽበት ቀን መሆኑ ነው የሚገርመው።"

አላመነችኝም። እኔ ግን ይህን ያልኩት ለማጽናናት አይደለም፤ ልጅቷም ለማጽናናት የምናገር ሰው አለመሆኔን ታውቃለች።

በእኛ ሙያ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚባለው ብዙ የሠራ፣ ብዙ የጻፈ፣ ማዕረግ የደረደረ ነው። እኔም ጽፌአለሁ፣ ማዕረጉንም አልጠላሁትም። ግን አንድ ሰው ኃላፊነቱን ሲለቅ ልጠይቀው የምፈልገው ሌላ ነው፤ ነገ አንተ ሳትኖር ማን ይሠራዋል? ብዙዎቹ ኃላፊዎቼ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። ቢላውን ሰጥተውኛል፣ ታማሚውን ግን ለራሳቸው ያስቀሩት ነበር። ታማሚው እነሱን ብቻ እያመነ፣ እኔ የእነሱ እጅ ተቀጥላ ሆኜ ስንት ዓመት ሠራሁ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ብቻ ናቸው ለታማሚ "ሐኪምሽ እሷ ናት" ብለው ከክፍሉ ወጥተው የሄዱት። በሩን ሲዘጉት የተሰማኝን ድንጋጤ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ያ በር መዘጋቱ ነው ሐኪም ያደረገኝ፤ ለዚህች ልጅም በር መዝጋት የእኔ ፋንታ ነበር።

ሴትየዋ በቀጣዩ ሳምንት አልመጣችም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ልጅቷ በሥራዋ ላይ አልደከመችም፤ ግን በር በተከፈተ ቁጥር ትዞር ነበር። የማደንዘዣ ባለሙያው፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ "ዶክተር፣ አንገትሽን እንዲህ ካዞርሽው መጀመሪያ የምንሠራው አንቺን ነው" ይላታል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ገበያ ቀን፣ ወንድሟን አስከትላ ገባች። አልጋው ላይ ጉብ ብላ ተቀመጠች። እንደ ልማዳችን ደኅንነታችንን አልጠየቀችም፤ ያንን ትታ ቀጥታ ገባችበት።

"ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ለዱበርቶቹ፣ አብረውኝ ወዳጃ ለሚቀመጡት። ሸኻችንም ነበሩ።"

"ምን ብለሽ ነገርሻቸው?" አለች ልጅቷ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር።

"እንቅርቱ ወጥቶ መተንፈሻዬ ይከፈታል አልኳቸው። ከጀርባው አንድ ገመድ አለ፣ እሱ ከተነካ እንደ ወንድሜ እሻክራለሁ፣ ውኃም ትን ይለኛል አልኳቸው። ከአናቱ ደሞ ክር አለች፣ ብትፈልጊያትም አትታይም፤ እሷ ከተነካች ለሐሜት የሚበቃ ድምፅ ይተርፈኛል እንጂ ላይኛው ይቀራል አልኳቸው። ልጅቷ ብዙ ጊዜ ያየች፣ መርታ ግን የማታውቅ ናት፣ ትልቋ ከፊት ለፊቷ ትቆማለች አልኳቸው።"

"እነሱስ?"

"አንዷ ቅሪ አለች። አንዷ ትልቋ ካልሠራችሽ አትሂጂ አለች። ሸኻችን ግን ማን ነው ይኼን ሁሉ የነገረሽ አሉኝ። ልጅቷ አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ አደረጉ።"

"ለአንቺ?" አልኩ።

"ለእሷ ነዋ። እኔ ምን እሠራለሁ፣ ተኝቼ ነው የማልፈው። እጇን ያቅናው ብለው መረቋት፣ ሁላችንም አሚን አልን።" ወደ ልጅቷ በአገጯ አመለከተች። "ትሥራኝ።"

አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ አባቴ ቢሰማት ያሳልፋት ነበር።

ሠራናት። "ሠራናት" ስል ልጅቷ ሠራቻት ማለቴ ነው፤ እኔ ሥጋውን ወደ ጎን ስቤ ይዤ ቆምኩ። ከአንገት እጥፋት ላይ ቆዳው ሲከፈት እጄ የለመደውን መንገድ ሊሄድ ይፈልግ ነበር። አላስሄድኩትም። የማደንዘዣው ባለሙያ ከራስጌ ሆኖ ያየኛል።

"ዶክተሯ ዝም ብላ ስትቆም ዛሬ አየሁ" አለ።

"መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?"

"አፍሽ ነው እንጂ ዝም የሚል፣ እጅሽ ዝም ብሎ አያውቅም።"

ልጅቷ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች፤ ትከሻዋ ወረደ። ዋናውን ነርቭ ፈለገችና አገኘችው፤ ነጭ፣ ብርሃን ላይ የሚያብረቀርቅ ገመድ። "ትልቋ ይቻት" አለች። ከዚያ ወደ ላይኛው ጫፍ ወጣች። እዚያ እጢው አብጦ ከጡንቻው ሥር ገብቷል፤ ደም ሥሮቹ ተጠላልፈዋል። ቆመች። ፈለገች። ጊዜው ረዘመ።

"ክሯ አትታየኝም" አለች።

እኔም እያየሁ ነበር፣ ለእኔም አልታየችኝም። ግን ይህን አልነገርኳትም።

"ካልታየችሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ከእጢው አልርቅም። ደም ሥሮቹን በጅምላ አልይዝም፣ እዚያው እጢው ላይ ተጠግቼ አንድ በአንድ አስራለሁ።"

"ማንን ነው የምትጠይቂው ታዲያ?"

"ማንንም አልጠየቅኩም ዶክተር። እየነገርኩዎት ነው።"

አንድ በአንድ አሰረች። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ቋጠሮ ትንሽ ከፍ አድርጌ አስረው ነበር፤ የእሷም ይበቃ ነበር። የሚበቃን ነገር ማረም ያስተምራል ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበረኝ፣ አሁን አላምንም። እንቅርቱ ወጣ፣ ደሙ ደረቀ፣ አንገቱ ተዘጋ።

ሴትየዋ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ልጅቷን ነው። ከንፈሯን አራሰች።

"ወጣ?" ድምጿ ሻካራና ወፍራም፣ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነበር። ራሷም ሰማችው። ዓይኗ ፈጠጠ።

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ግሉኮሱን ማየት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከክፍሉ ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት። እንዳልሰማ አድርጌ አልዘጋሁትም፤ ያን ያህል ጀግና አይደለሁም።

"ወጥቷል" ስትል ሰማኋት። "ድምፅሽ ሻክሯል። በጉሮሮሽ ቱቦ ገብቶ ነበር፣ ከእሱ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ በጥቂት ቀን ይለቅሻል። ትልቋን ነርቭ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። ክሯን ፈልጌአት አላየኋትም። ተጠንቅቄአለሁ፣ ግን አላየኋትም። ላይኛው ይመለስ አይመለስ ዛሬ አላውቅም።"

ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ። ልጅቷ አልወጣችም።

የሐይቅ የመጨረሻ ቀኔ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ክረምቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዕቃዬን ከመሳቢያው እያወጣሁ ሳለ ሴትየዋ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ገባች። ጠባሳዋ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን መስመር ሆኖ፣ ከአንገቷ እጥፋት ገብቷል። ወንድሟ ከኋላ ነው።

"ከጧት እስከ ማታ ድምጿን እየሞከረችው ነው" አለኝ። "ከብቶቹ እንኳ ደነገጡ።"

"የወሬው ድምፅ መጣ" አለች እሷ። ሻካራነቱ ለቋታል፣ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ነው። "ላይኛው ገና ነው። ሲወጣ ይደክመውና መሀል ላይ ይቀራል። ለጊዜው ላይኛውን ለአንዷ ሰጥቻታለሁ፤ ታበላሸዋለች እንጂ።"

"ተናደድሽ?" አልኳት።

"ተናድጄ ነበር። ከዚያ የምናደድበት ሰው አጣሁ፣ ነግራኛለች።" አልፋኝ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። "ሐኪሟ የለችም?"

"እኔም እኮ ሐኪም ነኝ።"

"አንቺን አይደለም፣ ልጅቷን። ለእነዚህ ነው የመጣሁ።" ጎረቤቶቿ ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆመዋል።

ልጅቷ ስትመጣ መጀመሪያ ሴትየዋን አስቀምጣ መረመረቻት፤ ድምጿን ወደ ላይ እንድትስብ አደረገች፣ ሰማች። "ጥቂት ወር እንጠብቀዋለን" አለቻት። "ላይመለስም ይችላል።" ሴትየዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ አሁን የነቀነቀችው ግን ገብቷት ነው። ከዚያ አንደኛዋን ጎረቤት አልጋው ላይ አስቀመጧት። ሴትየዋ ወዲያው ጀመረች፤ "ይኸውልሽ፣ ከጀርባው አንድ ገመድ አለ፣ ከአናቱ ደሞ…"

"ቆይ እናቴ" አለች ልጅቷ። "የእሷ ካንቺ ይለያል። ወደ ደረቷ ነው የወረደ። እኔ ልንገራት።"

ሴትየዋ ዝም ብላ ጠጋ አለችላት። ልጅቷ ወንበር ስባ ከአዲሷ ታማሚ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ሻሿን እንድትፈታም በእጇ ምልክት ሰጠቻት። የሐይቁን ቀን ለማን እንደምተወው ለማሰብ ያስቀመጥኩት ጊዜ ነበረኝ፤ አላስፈለገኝም። የቀረችውን ዕቃዬን አነሳሁና፣ የደሴ ሚኒባስ ሳይሞላ ለመድረስ፣ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።